ያለ መርዶ የተጠየቅሁት ሙሾ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን፣ በሙያው ያሳደግኋቸው ወጣቶች ንፋስ መውጫ ካለው ቤቴ ድረስ መጡ። ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ከመጻሕፍቱ ጋር አስደግፈው አቆሙና «እትዬ ትሁን፣ በሕይወትዎ አብልጠው የሚወዷቸውን ዘፈኖች በደረጃ ይንገሩን» አሉኝ። ዘፈን እንደ ተማሪ ደረጃ አይወጣለትም ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። እኔ ከመድረክ ከወረድኩ ድምፄ የሚሰማ ሴት አይደለሁም። በድንገት ሲጠይቁኝ የማውቀው ሁሉ ይጠፋኛል፤ የማስበው ብዕር ስይዝ ነው። ልጆቹ ሁለት ሦስት ቃል ቀድተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ያን ቀን ያልመለስኩላቸውን አሁን እመልሳለሁ።

ስለ ደመወዝና ስለ ጡረታ ወረቀት ብዙ አላወራም። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፣ ሁለቱም አልፈዋል። ተዋናይም ድምፃዊትም ሆኜ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን በአይሱዙ ጀርባ ላይ ተቀምጬ ዞሬያለሁ። ብዙ ሰው አስቄያለሁ፤ ብዙ ሰው አስለቅሻለሁ። አንዲት የስማዳ እናት ግን አንድ ዘፈን ለምነውኝ፣ ልሰጣቸው አቅቶኝ አንገቴን ደፍቼ ተመልሻለሁ። ለእሳቸው የሚሆነውን እስካገኝ ድረስ ዘፋኝ ነኝ ለማለት አፌ አልደፍር ብሎ ነበር። የምወደው የቱ እንደሆነ ለመናገር እዚያ መድረስ አለብኝ። ግን ከመጀመሪያው ልነሳ።

የመጀመሪያው ዘፈኔ ለሰው የተዘፈነ አልነበረም፤ ለበሬ ነበር። አባቴ ላይ ጋይንት ውስጥ ብርዳማ ቀበሌ ላይ ገብስ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ገብሱ ታጭዶ ውድማ ላይ ሲበራይ፣ በሬዎቹን የሚያዞራቸው በጅራፍ ሳይሆን በዜማ ነው። በኛ አገር ሴት ውድማ አትረግጥም፤ በረከቱን ታሸሻለች ይባላል። ስለዚህ እኔ ከገለባው ክምር ጥግ ሆኜ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አንድ ዓመት አባቴን ጉሮሮው ዘጋውና ድምፁ ጠፋ። ዜማው ሲቆም በሬዎቹም ቆሙ። ቢገፋቸው አይሄዱም፤ ዞር ብለው እያዩት ያመሰኩ ጀመር። እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ፣

ዙርልኝ በሬዬ፣ ዙርልኝ ቦራዬ፣
ገለባው ላንተ ነው፣ ፍሬው ለጎተራዬ

ስል፣ ግንባረ ነጩ በሬያችን ቦራ ጆሮውን አቁሞ መራመድ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። አጎቴ ከወዲያ ማዶ «ኧረ ሴት ውድማ ገባች» ብሎ ሲቆጣ፣ አባቴ በዚያ በተዘጋ ጉሮሮው «ድምፅዋ ገባ እንጂ እግሯ መች ገባ? የቱ ሕግ ፈረሰ?» ያለው ዛሬም ይሰማኛል። የበሬ ዘፈን ትንፋሹ የሚወሰደው ከበሬው እርምጃ ነው። አንተ ብትቸኩል እሱ አይቸኩልም። የዜማ ልክ የሚባለውን ነገር ሌላ ማንም ሳይሆን ቦራ ነው ያስተማረኝ እላለሁ።

ሁለተኛውን ያገኘሁት አርብ ገበያ ከተማ ነው። በልጅነቴ ተድሬ፣ በልጅነቴ ፈትቼ፣ ጨው ከምትቸረችር አክስቴ ዘንድ ተጠግቼ ነበር። ገዢ የምጠራው በዜማ ነው። አንድ አርብ ጋቢ የለበሱ ረዥም ሰውዬ መጥተው፣ ጨውም ሳይገዙ፣ ሳይናገሩም፣ ገበያው እስኪበተን ከአህዮቹ አጠገብ ቆመው ሲሰሙኝ ዋሉ። በጋቢያቸው ውስጥ ልጅ ያቀፉ መስሎኝ ነበር። መሰንቆ ነው። አያ ተገኝ ይባላሉ፤ ቲያትርና ዘፈን ይዞ የሚዞር የኪነት ቡድን መሰንቆ መቺ ነበሩ። ለአክስቴ ልጅቷን ለቡድኑ ስጪኝ ሲሏት፣ አክስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አዝማሪ ልታደርጋት ነው?» አለች።

«እሱንማ ገና ትሞክረዋለች» አሉ አያ ተገኝ። «ይቅናሽ ብለሽ መርቂያት።»

የአያ ተገኝን ጠባይ ካልተናገርኩ ስለራሴ የምናገረው የለኝም። መሰንቆውን ሰው ፊት ቃኝተው አያውቁም፤ «ልብስ ሲለበስ አይታይም» ይሉ ነበር። የጉና ጦስኝ ካልሆነ በስተቀር ከመዝፈናቸው በፊት ምንም አይጠጡም። ዘፈኑ እንዴት ነበር ብለው ማንንም አይጠይቁም። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ አንድ ከተማ እንደደረስን፣ እኛ ምግብ ቤት ስንፈልግ እሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «እዚህ ሐዘን አለ?» ብለው ነው። አለ ከተባሉ መሰንቆውን ለኔ ሰጥተው ሐዘንተኛው ቤት ገብተው ይቀመጣሉ። ሐዘንተኞቹ አያውቋቸውም፤ እሳቸውም ሟቹን አያውቁትም። እዝን ሳይቀምሱ፣ ነፍስ ይማር ብለው ይወጣሉ። «ሳልደርሳቸው ጎረቤታቸው ላይ አልዘፍንም» ነበር ምክንያታቸው።

ሁለተኛውን ዘፈኔን፣ ትዝታን፣ ያስተማሩኝ ዝም በማሰኘት ነው። ክረምቱን ሙሉ አንድ ስንኝ ብቻ ሰጡኝ፦

ጉና ደመና አዝሎ ዝናቡ ግን ቀረ፣
አለሁ ያለኝ ሁሉ ሲመሽ ተሰወረ።

መጀመሪያ እየጮህኩ አልኩት። «ሰው አልሸሸሽም እኮ፣ ምን ታሳድጂዋለሽ?» አሉኝ። ከዚያ በለሆሳስ አልኩት። «አሁን ደግሞ ደበቅሽው» አሉ። መሰንቆውን እየመራሁ ስሄድ ያቆሙና ጥለውኝ ይወጣሉ። እየተከተልኩ ስሄድ ይታገሱኛል። መስከረም ሲጠባ «ቀረ» የምትለዋ ቃል ላይ አርፌ፣ ሳልቸኩል፣ ቀጣዩን ጀመርኩ። ያን ጊዜ መሰንቆውን አስቀምጠው «ሰው የሚያለቅሰው በቃሉ አይደለም፤ ባረፍሽበት ነው። በይ እንግዲህ ሁለተኛውን ስንኝ እሰጥሻለሁ» አሉኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። ሌሎቹ የቲያትሩን ጽሑፍ ይዘው ሲያጠኑ እኔ የሚነበብልኝን በጆሮዬ ነበር የምይዘው። ይህ እፍረት ሆነብኝና አንደኛ ክፍል ገባሁ፣ ከሕፃናት ጋር። ጉልበቴ ዴስኩ ስር አይገባም ነበር፤ የኋላው ወንበር ላይ በጎን እቀመጣለሁ። ልጆቹ ሀ ሁን በዜማ ሲሉት መምህሩ አዜሚላቸው አለኝ፤ ሦስተኛው የምወደው ዘፈን እንግዲህ የፊደል ገበታ ነው። ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በአይሱዙ ላይ፣ በጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ አቧራውን ከገጹ ላይ እያራገፍኩ። የቡድኑ ቀልደኛ ተዋናይ ታከለ «ትሁን፣ መጽሐፉ ሲያልቅ ንገሪን፤ እኛ እስከዚያ እናረጃለን» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ለአያ ተገኝ ነጠላ ሰረዝን አሳየኋቸው። አንባቢው እዚህ ጋ ትንሽ ያርፋል ማለት ነው አልኳቸው። ገጹን አገላብጠው አዩና «እኔ ክረምቱን ሙሉ የጮህኩብሽን ሰውዬው በሁለት ነጥብ ጨረሰው?» አሉ። ከዚያ በኋላ የቡድኑ ጽሑፍ ሁሉ በኔ እጅ ማለፍ ጀመረ። ቃል ሳይስተካከል አላሳልፍም ስለምል ሥራ አዘገየሁ እየተባልኩ ስከሰስ ኖርኩ። ልክ ናቸው፤ አዘገይ ነበር።

አሁን ወደ ስማዳ ልሂድ።

ቡድናችን ስለ ደም መካስ የሚያስተምር አንድ ቲያትር ነበረው። በድንበር ጠብ ሰው ይሞታል፤ ሚስቱ ታለቅሳለች፤ ኋላ ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃሉ። የሟች ሚስት እኔ ነኝ። ሟቹ ታከለ ነው። ሙሾውን የጻፍኩት እኔ ስሆን፣ አያ ተገኝ ሲሰሙት ፊታቸው ጠቆረ። «ሙሾ ያለ መርዶ አይወርድም» አሉ። «የሞተ ሰው ሳይኖር ከወረደ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።» ተከራከርናቸው። በመጨረሻ መላ ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ሙሾውን ስታወርጂ እኔ ከስር መሰንቆ እመታለሁ አሉ። በኛ አገር እውነተኛ ለቅሶ ላይ መሰንቆ አይመታም። የመሰንቆ ድምፅ ያለበት ለቅሶ ጨዋታ መሆኑን ማንም ያውቃል። በንፋስ መውጫም፣ በአርብ ገበያም፣ በእስቴም አዳራሽ ውስጥ እንዲህ አድርገን ሠራን። ሰው አለቀሰ፤ አጨበጨበ፤ ወደ ቤቱ ሄደ።

ስማዳ ውስጥ የሄድንባት የገበያ ከተማ አዳራሽ አልነበራትም። የተሰጠን ከገበያው በታች ያለ ሜዳ ነው። መንገድ ላይ ዝናብ መትቶን ነበር፤ የአይሱዙው ሸራ አፍስሶ መሰንቆውን አርሶታል። ቆዳው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሷል፤ ጭራው ቢወጠር አይናገርም። አያ ተገኝ እሳት ዳር ይድረቅልኝ፣ ጥቂት ታገሱኝ አሉ። በዚያን ጊዜ የነበረው ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሰዓቱን አብዝቶ የሚያይ ሰው ነበር። ገበያተኛው ሊበተን ነው፣ ያለ መሰንቆ ይሂድ አለ። እንግዲያው ሙሾው ይቅር አሉ አያ ተገኝ። ሙሾው ከቀረ ቲያትሩ ምን ይቀረዋል አለ ኃላፊው። እኔ ሁለቱንም አየሁ። አያ ተገኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ኃላፊው በእጁ ግቢ አለኝ፤ ገባሁ።

መጋረጃ ስላልነበረ ታከለን በአልጋ ላይ አስተኝተው፣ ጋቢ አልብሰው፣ አራት ሆነው ተሸክመው በሜዳው መሀል አመጡት። እኔ ፀጉሬን ፈትቼ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ከአልጋው ኋላ ሙሾ እያወረድኩ መጣሁ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ቲያትር መሆኑን ያውቃሉ። ከገበያው ወደ ቤቱ ሲመለስ ከዳገቱ ላይ ሆኖ ያየን ሰው ግን ያየው አልጋና ጋቢ ነው። የሰማውም መሰንቆ የሌለበትን ሙሾ ነው። ለቅሶ ሰምቶ ማለፍ በኛ ዘንድ ነውር ነው። ሴቶቹ ሸክማቸውን መንገድ ዳር እየጣሉ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ደረታቸውን እየመቱ ቁልቁል ወረዱ። ፊት የተቀመጡት ደግሞ ለቀስተኛ ሲመጣ አይተው ራሳቸውን ተጠራጠሩ። አንዷ ተነሳች፤ ሌላዋ ተከተለች። ጥቂት ሳይቆይ ሜዳው ሙሉ ለቅሶ ሆነ። እኔ መሀል ላይ ነኝ። መሀል ላይ የተቋረጠ ሙሾ ደግሞ እስከ መጨረሻው ከወረደው ይብሳል ይባላል፤ ማቆሚያው ጠፋኝ።

ታከለ ከጋቢው ስር «ትሁን» አለኝ በሹክሹክታ። «እነዚህ ሰዎች ሳይቀብሩኝ አይመለሱም። ምን ላድርግ?»

«ተኛ» አልኩት።

አንድ ሽማግሌ ሟቹን ሊሰናበቱ ቀርበው ጋቢውን ገለጥ ሲያደርጉ ከታከለ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ወደ ኋላ አላሉም። ጎንበስ ብለው «አንተ ሰውዬ፣ ሞተሃል ወይስ አልሞትክም?» አሉት።

«እንደ ትእዛዙ ነው አባቴ» አለ ታከለ።

ቅርብ የነበሩት ሳቁ። ሳቁ ወደ ኋላ እየሄደ ቁጣ ሆነ። ሟርት ነው የሚል ተነሳ፤ የሰው እንባ ላይ ይቀለዳል ወይ የሚል ተነሳ። ኃላፊያችን ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት የሚሰማው አጣ። ሽማግሌው ዘንጋቸውን አንስተው ሰውን ዝም አሰኙና «ሳቁም ቁጣውም ይቆየን። እንባችን መሬት ወርዷል። የማን ነው የሚባለው?» አሉ። ለቅሶ ያለ ባለቤት ሲቀር ቤት ይፈልጋል ተብሎ ይፈራል።

«የኔ ይባል።»

ይህን ያሉት ባቄላ የያዘ ቁና አጠገባቸው ያስቀመጡ አንዲት እናት ናቸው። እትዬ የሻረግ ይባላሉ። ወደ አልጋው መጡና እንደ ጎረቤት አጠገቤ ቆሙ። ሙሉቀን የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ከጓደኞቹ ጋር መተማ ሰሊጥ ሥራ ወርዶ፣ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። ወደ ሌላ ቦታ ተሻገረ ብለው ነገሯቸው፤ ከዚያ ወዲህ መርዶም የለ፣ ወሬም የለ። መርዶ ስለሌለ ጎረቤት እግዜር ያጽናሽ ሊላቸው አይመጣም። ፍራሽ አያነጥፉም። እንባ ሲያስቸግራቸው ሰው ለቅሶ ላይ ተጠግተው ነው የሚያለቅሱት። «ዛሬስ ባለቤት የሌለው ለቅሶ አገኘሁ» አሉኝ። «ልጄ፣ የሱን ስም ጥሪልኝ። በሱ ስም ትንሽ አውርጂልኝ።»

ከሰዉ መሀል ባላቸው ወጡ። አቶ ፈንታ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ስልክ በእጃቸው ይዘዋል፤ ገበያ በወጡ ቁጥር ልጃቸው ይደውል እንደሆን ብለው ቻርጅ የሚያስደርጉት ነው። «የሻረግ፣ ልጄን በቁሙ አትቅበሪው» አሉ። «ቢደውል ምን እለዋለሁ? አልቅሰንልህ ጨርሰናል እለዋለሁ?»

«አትለውም» አሉ እትዬ የሻረግ። «እኔ እለዋለሁ።»

ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩ። አያ ተገኝ ከወዲያ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። ባወርድ በአባቱ ፊት ልጁን ገደልኩት። ባላወርድ እናቲቱን ከነእንባቸው ወደ ቤታቸው መለስኳቸው። «እትዬ፣ አልችልም» አልኳቸው።

እሳቸው አልተቆጡኝም። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ያንጠለጠለውን ታከለን አይተው «ለዚህ ተኝቶ ለነበረው ሰውዬ ቻልሽ» አሉና ቁናቸውን አንስተው ሄዱ።

የሰው ቁጣ በሽማግሌ በረደ፤ በቡድኑም ላይ ሪፖርት ተጻፈ፤ ቲያትሩም ለጊዜው ተቀመጠ። እኔን ግን ያ ንግግር አልለቀቀኝም። በሥራዬ ትልቁ ውድቀት ሰው በስሕተት ማልቀሱ አይደለም። እውነተኛዋ አልቃሽ ስትመጣ ባዶ እጄን መገኘቴ ነው። ለሞተ ሙሾ አለ። ለተለየ ፍቅረኛ ትዝታ አለ። ለራስ ብሶት እንጉርጉሮ አለ። ሞተም ኖረም ያልተባለ ልጅ ግን ዘፈኑ የቱ ነው? መጻሕፍት አገላበጥኩ፤ ከጋይንቱ የድጓ ደብር ከቤተ ልሔም የመጡ አንድ መሪጌታ ሳገኝ ጠየቅሁ። እሳቸውም ጸሎት አለ፣ ዘፈኑን ግን አንቺ ታውቂያለሽ አሉኝ። ጽፌ እቀዳድዳለሁ፤ ጽፌ እቀዳድዳለሁ። ታከለ ከእንግዲህ ሬሳ ሆኜ አልተኛም፣ በኔ ምክንያት ነው እንዲህ የከሳሽው እያለ ያጽናናኝ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በጥር ከእስቴ ስንመለስ መንገዱን ሰርግ ዘጋው። አይሱዙው ቆመ። ሙሽራው ሙሽሪትን ይዞ እቤቱ እየገባ ነው። ከበሮው ይመታል፤ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። የሙሽራው እናት ግን በር ላይ ቆመው፣ ቄጠማ በእጃቸው እንደያዙ፣ እንባቸው እስከ አገጫቸው ይወርዳል። ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ። ማንም ምን ሆንሽ አላላቸውም። የሚያባብላቸውም የለም፤ ሟርት ነው የሚላቸውም የለም። አንዷ እንዲያውም እልል አለችላቸው።

ለሙሉቀን የሚሆነው የሰርግ ዘፈን ነው ብዬ ለአያ ተገኝ እዚያው በአይሱዙው ላይ ነገርኳቸው። በኛ አገር ያላገባ ወጣት ሲሞት አልቃሿም ሙሽራው ብላ ነው የምትጠራው፤ እናቱ ያንን ትሰማለች። አባቱ ደግሞ ሰርጉን ይሰማል። መርዶ አይፈልግም፤ ማንንም አይገድልም አልኳቸው። አይሱዙው ሲንቀሳቀስ መሰንቆውን አመቻችተው ያዙ። ከዚያ «የኔ መሰንቆ የለበትም ማለት ነው፤ ከበሮ ነው የሚፈልገው» አሉ። ቅር ያላቸው መስሎኝ ነበር። ቆይተው ደግሞ «ልጅን ለመዳር አባቱን ማስፈቀድ አለብሽ» አሉ።

ከፋሲካ በኋላ ቡድናችን ለሌላ ሥራ ስማዳ ሄደ። በዕረፍታችን ቀን አያ ተገኝ፣ ታከለና እኔ የእትዬ የሻረግን ቤት ጠይቀን፣ በእግራችን ደረስን። አቶ ፈንታ ደጅ ላይ ሞፈር ይጠርቡ ነበር። ታከለን ሲያዩ መጥረቢያውን አስቀምጠው «ሟቹም መጣ?» አሉ። ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። የመጣንበትን ጠረጠሩ። ለቅሶ ይዛችሁ ከሆነ ውኃ ጠጥታችሁ ሂዱ አሉን።

«ለቅሶ አይደለም» አልኳቸው። «ሙሉቀንን ልድርልዎ ነው የመጣሁት።»

«ማንን ነው የምትድሪለት?»

«እሱን ሲመጣ ይምረጥ። እኛ ሰርጉን እንጀምርለት።»

አያ ተገኝን አዩ፤ ሞፈሩን አዩ። ከዚያ ከጉሮሯቸው የወጣው ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። «መራጭ ነው» አሉ። «በልጅነቱም ሽሮ አይወድም ነበር።» ተነስተው ገቡና ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ስልኩን ከጨርቁ አውጥተው በደረት ኪሳቸው አደረጉት። የጎረቤት ሴቶች ከበሮ ይዘው መጡ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም፤ ወይም ተጠያይቀው ጨርሰው ነው የመጡት። ታከለ ከወንዙ ቄጠማ አጭዶ አምጥቶ ግቢው ውስጥ ጎዘጎዘ።

እትዬ የሻረግ ጎተራው አጠገብ ቆመው ያዩን ነበር። እኔ የራሴን ሰርግ ዘፈን አልሰማሁትም፤ ትንሽ ስለነበርኩ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ስለዚህ የሰማሁትን ሳይሆን ሊሰማ ይገባው የነበረውን አሰብኩ። ከበሮ መቺዋን አቀዝቅዢልኝ አልኳትና ጀመርኩ፦

ሙሉቀን ሙሽራ፣ መንገዱ ራቀብህ፣
ቤቱ ተጎዝጉዟል፣ እናትህ ቆማልህ።

ስሙን ስጠራው እትዬ የሻረግ ጎተራውን ያዙ። «ራቀብህ» የሚለው ላይ አረፍኩ፤ አልቸኮልኩም። ሴቶቹ ተቀበሉኝ።

ሰርገኛ አትበተን፣ ከበሮም አትውረድ፣
ሙሽራው ሳይገባ አይዘጋም መንገድ።

አቶ ፈንታ ከልኩ ውጭ እየሆኑ ያጨበጭባሉ። እትዬ የሻረግ ጎተራውን ለቀቁና ወደ መሀል ገቡ። ጮኸው አለቀሱ። ያን ያህል ዓመት በሰው ቤት የደበቁትን፣ በገዛ ግቢያቸው፣ በቄጠማቸው ላይ፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱት። ሴቶቹ ከበው እልል አሉላቸው። አቶ ፈንታ ሚስታቸውን አዩና «የሙሽራ እናት ታለቅሳለች፤ ወግ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ድምፄ እስኪዘጋ ደጋገምኩት፤ ልጆቹ የጠየቁኝ፣ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ዘፈን ይሄ ነው። አያ ተገኝ መሰንቆ ስላልያዙ እጃቸው ሥራ አጥቶ፣ ጉልበታቸው ላይ በጣታቸው ይመቱ ነበር።

ስንወጣ እትዬ የሻረግ በር ላይ አንገቴን አቅፈው ጆሮዬ ውስጥ «እግዜር ይስጥሽ፣ አለቀስኩለት» አሉኝ። አቶ ፈንታ እስከ መንገዱ ሸኙን። ሲለዩን ጋቢያቸውን አስተካክለው «እንግዲህ ልጄን ዳርኩ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ያለ ስለነበር ከማዶ ያሉት ሁሉ ሰሟቸው።

ዳገቱን ጨርሰን ወደ ኋላ ስናይ ሁለቱም በግቢያቸው በር ላይ ቆመው ነበር። እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚደረገው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አቶ ፈንታ ለሰርጉ ከተጎዘጎዘው ቄጠማ ራሳቸው ላይ አስረዋል። ጎን ለጎን ቆመው እጃቸውን ያውለበልቡልናል፤ አንዱም ሌላውን አላረመም። እኔም፣ የሰው ቃል ማረም የማይሰለቸኝ ሴት፣ ዝም ብዬ እጄን አነሳሁላቸው።